ስለ ኩሽናዬ ማብሪያ ማጥፊያ ጸጥታ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የድምፅ ቅነሳና የነዋሪዎች ምቾት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፡- በቤቴ ውስጥ ስላሰፈናችሁት ጸጥታ ምስጋና ስለማቅረብና አንድ ዕቃ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ ከነቤተሰብዎ የተሟላ እንዲሆን፣ በተለይም ሁለቱ ጆሮዎችዎ ለረጅም ዘመን በታማኝነት እንዲያገለግሉዎት ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን መካኒክ ሆኜ ስሠራ የመስማት ችሎታዬን እዚያው ማሽኖቹ መሃል ጥዬ የወጣሁ ጡረተኛ ስለሆንኩ፣ የጆሮን ነገር ከብዙ ሰው በተሻለ አውቀዋለሁ። የግራ ጆሮዬ ሥራውን ከለቀቀ ቆይቷል፤ በቀኙ ትንሽ የመስሚያ መሣሪያ ሰክቼ የሚደርሰኝን ያህል እየሰማሁ እኖራለሁ።

ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግኩት በአደባባይ ላመሰግንዎ ስለፈለግኩ ነው። በፖስታ ታሽጎ የሚላክላችሁ ወረቀት መልስ እስኪያገኝ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ በቅርቡ ስለተማርኩ፣ በዕድሜዬ ያንን ያህል መጠበቅ ድፍረት መስሎ ታየኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት የኤሌክትሪክ ሠራተኞችና አንድ ተቆጣጣሪ ወደ ቤቴ መጡ። በሩን ሲያንኳኩ አልሰማኋቸውም፤ ወደ ሱቅ ልወርድ ስከፍት ሦስቱም ተሰልፈው ቆመው አገኘኋቸው። ተቆጣጣሪው የእርስዎ ፊርማና ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠኝ። ከዚህ ቤት በቀረበው የድምፅ አቤቱታ መሠረት አራት ባለድምፅ ማብሪያ ማጥፊያዎች ተነሥተው በአራት ድምፅ አልባ ማብሪያ ማጥፊያዎች እንዲተኩ ተወስኗል ይላል። እኔ ምንም ዓይነት አቤቱታ አላቀረብኩም ስላቸው፣ ተቆጣጣሪው ጨዋ ሰው ነውና ወደ ቀኝ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ አቤቱታው የቀረበው ከሰባት ዓመት በፊት እንደሆነና አመልካቿም ባለቤቴ እንደሆነች አስረዳኝ። ባለቤቴ ካረፈች ዓመት ከሁለት ወር ሆኗታል። ይህን ስነግረው አዝኖ ነፍስ ይማር ካለኝ በኋላ፣ ውሳኔው ግን የወጣው በቤቱ ቁጥር ስለሆነ ሥራው እንደማይቆም ነገረኝ። በአርባ ደቂቃ ውስጥ የመኝታ ቤቱን፣ የኮሪደሩን፣ የሳሎኑንና የኩሽናውን ነቅለው አዲሶቹን ገጠሙ። የወደቀውን ኖራ ሳይቀር ጠርገው፣ አንድ የአስተያየት መስጫ ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ትተውልኝ ሄዱ።

እንግዲህ ምስጋናዬን፣ ካላስቀየምኩዎም ቅሬታዬን፣ እናንተ እንደምትወዱት በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ስለ ፍጥነታችሁ። ሰባት ዓመት ለአንድ መሥሪያ ቤት ምንም እንዳልሆነ ይገባኛል። እኔ ፋብሪካ ሳለሁ አንድ ማሽን ቆሞ ሰባት ደቂቃ ካለፈ አለቃችን ፊቱ ይቀላ ነበር፤ ያ ሰውዬ ትዕግሥትን ከእናንተ ሳይማር ጡረታ መውጣቱ ያሳዝነኛል። ደግሞም ጉዳዩን ጨርሶ አልረሳችሁትም። አመልካቿ ማረፏን ሳታዩ እንኳ ወረቀቷን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እያሳለፋችሁ እዚህ አድርሳችሁታል። ከሞተች በኋላ ጉዳይሽን እከታተላለሁ ብሎ የመጣላት መሥሪያ ቤት የእናንተ ብቻ ነው።

2ኛ/ ስለ ጫጫታው ምንጭ። ባለቤቴ በድምፅ ተቸግራ ማመልከቷን ስሰማ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ከእኛ በላይ ፎቅ ላይ ያሉትን ጎረቤቶቻችንን ነው። ወንበር የሚጎትቱ ሰዎች መሆናቸውን እሷ ራሷ ነግራኛለችና፣ አስቸግረዋለሁ ብላ ሳትነግረኝ ብቻዋን መፍትሔ መፈለጓ ቅር እያለኝ፣ ለማጣራት በማግስቱ ወደ መዝገብ ቤታችሁ መጣሁ። መዝገብ ቤት ያለው ጸሐፊ ሳያጉላላኝ የማመልከቻውን ቅጂ ሰጠኝ። የፊት ገጹን ደረጃችሁ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እርስዎ ፈርመውበታልና ያውቁታል ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም ሥራ ስለሚበዛብዎ እዚህ ልገልብጠው፡-

«ባለቤቴ ማለዳ ይነሣል። የመኝታ ቤቱን ማብሪያ ማጥፊያ ሲጫነው ቤት የሚያፈርስ ነው የሚመስለው። ያበራል፣ መነጽሩን ይፈልጋል፣ አገኘሁ ብሎ ያጠፋል፣ ያገኘው የእኔን ነው፣ መልሶ ያበራል። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ስለነበርኩ ዝንብ ስታርፍ እንኳ የምነቃ ሰው ነኝ። ለእሱ ልነግረው አልፈልግም። ጆሮው ስለማይሰማ ለመንገር መጮህ አለብኝ፤ እየጮህኩ ደግሞ ትጮኻለህ ልለው አልችልም። ደግሞ ከነገርኩት በጨለማ ሲዳብስ አንድ ቀን ይወድቅብኛል። ስለዚህ እሱ ሳያውቅ፣ ለጥገና የመጣችሁ መስላችሁ፣ በማይጮኽ እንድትቀይሩልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።»

ክቡር ሆይ፣ አርባ አንድ ዓመት በትዳር ስኖር ጎረቤት የሚረብሸን እንጂ እኔ የምረብሽ አይመስለኝም ነበር። ይህን ማመልከቻ ካስገባች በኋላ ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ማለዳ ማለዳ እቀሰቅሳት ነበር ማለት ነው። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና ትጠብቀኝና፣ ልብሴን ለብሼ ስጨርስ አሁን ገና የነቃች መስላ እንዴት አደርክ ትለኛለች። እኔም እንቅልፍ ይወድሻል እያልኩ እቀልድባት ነበር። አሁን ያ ቀልድ ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ፤ ይቅርታ የምጠይቃት ሰው ግን ቤት የለችም። እሱ ሳያውቅ ያለችውን አንድ ቃል ጠብቃችሁላት ቢሆን ኖሮ እኔም ሳላውቅ እሞት ነበር። ሰባት ዓመት ምሥጢሯን ከጠበቃችሁ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላችሁ ስለነገራችሁኝ አመሰግናለሁ።

3ኛ/ ስለ ልግስናችሁ። ከዚህ በላይ እንዳነበቡት ባለቤቴ የጠየቀችው ስለ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። እናንተ አራት ቀየራችሁ። ለምን እንደሆነ የጠየቅኩት ጸሐፊ፣ ማመልከቻው የመኝታ ቤቱን ብቻ ብሎ በግልጽ ስላልገደበ ለቤቱ በሙሉ እንደተጠየቀ ተደርጎ መወሰዱን ነገረኝ። እኔም እሺ ብዬ ወረቀቱን ላጥፈው ስል ነው ጀርባውም ላይ ጽሑፍ እንዳለ ያየሁት። የባለቤቴን ጠባይ ያለማወቃችሁ አይገርምም፤ ዋናውን ነገር ምንጊዜም መጨረሻ ላይ ነው የምትናገረው። የስልክ ጥሪ እንኳ ስትዘጋ ከደህና ሁን በኋላ ነበር ቁም ነገሩ። በጀርባው እንዲህ ይላል፡-

«ማሳሰቢያ፡- የኩሽናውን ግን አደራ፣ እንዳትነኩት። እሱን የምጠራበት ነው።»

እንዴት እንደምትጠራኝ ለማስረዳት ይፈቀድልኝ። የእኔ ወንበር ሳሎን ውስጥ ከኩሽናው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ነው የተቀመጠው። የኩሽናው ማብሪያ ማጥፊያ ልክ ከጭንቅላቴ በስተጀርባ፣ ከግድግዳው በወዲያ በኩል ነው ያለው። የሰው ድምፅ ለእኔ ተሸፋፍኖ ነው የሚደርሰኝ፤ ደረቅና አጭር ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ይገባኛል፣ በግድግዳው በኩል ደግሞ ጀርባዬ ላይም ይሰማኛል። ምግብ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ታደርገዋለች፤ ና ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ከሆነ በርዷል፣ ከእንግዲህ አልጠራህም ማለት ነው። ስምምነት ተፈራርመን አይደለም፤ አንድ ቀን ጉሮሮዋን አሟት መጥራት ሲያቅታት አደረገችው፣ እኔም ተነሥቼ ሄድኩ፣ ከዚያ ወዲያ በዚያው ቀጠልን። በስሜ ከጠራችኝ ይልቅ በዚያ የጠራችኝ ይበዛል።

ካረፈች በኋላም አልተውኩትም። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ አሁን በአደባባይ የምናገረው እናንተ ለምትፈርሙበት ነገር ሁሉ ምክንያት እንደምትፈልጉ ስለማውቅ ነው። ማታ ራቴን አሙቄ ሳህኑን ካዘጋጀሁ በኋላ ያንን ማብሪያ ማጥፊያ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አደርገዋለሁ፣ ከዚያ ሄጄ እበላለሁ። ሽማግሌው አእምሮው ተነክቷል ይሉኝ ይሆናል። ሆኖም ቀኑን ሙሉ በዚህ ቤት ውስጥ ጥርት ብሎ የሚሰማኝ ድምፅ እሱ ብቻ ነበር። ማክሰኞ ማታ እንደ ልማዴ አዲሱን ሁለት ጊዜ ተጫንኩት። መብራቱ ጠፋ፣ መብራቱ በራ፤ ማንም አልጠራኝም። ራቴን ቆሜ ትንሽ ቀምሼ መልሼ ከደንኩት።

ስለ አዲሶቹ ጥራት የምለው የለኝም። እጅግ ለስላሳ ናቸው፤ ተጫንኳቸው አልተጫንኳቸው ጣቴም አያውቅም። የተሠሩት በባለሙያ ለመሆኑ መካኒክነቴ ይመሰክራል። ሠሪዎቹ የሚጮኸውን ክፍል አውጥተው ቤቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዝም ማሰኘታቸው ግን ከዕቃው ጋር በመጣው መመሪያ ላይ አልተጻፈም።

4ኛ/ ስለ ዕቃ ግምጃ ቤታችሁ። የተነቀሉት ማብሪያ ማጥፊያዎች የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ስለሆኑ ግምጃ ቤት እንደሚገቡ፣ በወሩ መጨረሻም ከሌላው ውዳቂ ዕቃ ጋር ተፈጭተው እንደሚወገዱ ስለተነገረኝ፣ ሐሙስ ዕለት ወደዚያ ወረድኩ። ግምጃ ቤቱ ያለው ከሕንጻችሁ ሥር ነው። ጠባቂዋ ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ካርድ የምትሞላ ሴት ናት። ጉዳዬን ስነግራት ሳቅ አላለችም። የዚህን ወር ካርቶን ከመደርደሪያ አውርዳ ጠረጴዛዋ ላይ አደረገችልኝ። መቶ ሃምሳ የሚሆኑ ማብሪያ ማጥፊያዎች ናቸው፤ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም በጊዜ ብዛት የወየቡ።

በድምፁ እለየዋለሁ ብዬ ተማምኜ ነበር የሄድኩት። አንድ በአንድ እያነሣሁ ወደ ቀኝ ጆሮዬ አስጠግቼ ተጫንኳቸው። ከግድግዳ የወጣ ማብሪያ ማጥፊያ ግን ድምፁ ሌላ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ፤ ሁሉም ቀጫጫ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ማሽን በድምፁ ስመረምር የኖርኩ ሰው፣ የራሴን ቤት መለየት አቅቶኝ ከካርቶን ፊት ቁጭ አልኩ። 

ያገኘሁት በዓይኔ ነው። ኩሽናውን ቢጫ ቀለም የቀባሁ ጊዜ አንዲት ጠብታ ጥግ ላይ ወድቃ ደርቃ ነበር። ልፍቃት ስል ባለቤቴ እጄን ይዛ ከልክላኛለች፤ የእጅ ሥራህ ማስረጃ ትሁን ብላ። ጠብታዋ እዚያው ነበረች። ዕቃውን እጄ ላይ ይዤ፣ ምን እንዳደርግ ሳላስብ፣ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አደረግኩት። ጠባቂዋ ከምትሞላው ካርድ ቀና ብላ፣ አቤት አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ቃል በቤቴ ከሰማሁ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖኛል። ምንም አልጠየቅኳትም ነበር፤ ይሄው ነው ብዬ ዘረጋሁላት።  ከዚያ ማብሪያ ማጥፊያውን ከእጄ ተቀብላ በወረቀት ጠቀለለችና፣ ያለ ፈቃድ መስጠት እንደማትችል፣ ነገር ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ከካርቶኑ ለይታ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ እንደምታቆይልኝ ነገረችኝ። አደራዎን፣ ይህች ሴት በእኔ ምክንያት እንዳትጠየቅ። ከደንብ ውጭ የሠራችው ሥራ ቢኖር ሰው ሲጠራት አቤት ማለቷ ብቻ ነው።

5ኛ/ ስለ ፊርማው። ፈቃዱን ለማግኘት ወደ እርስዎ ክፍል ወጣሁ። በመስኮቱ በኩል ያለችው ባልደረባዎ በትሕትና አስተናግዳኛለች። የማመልከቻውን ጀርባ አሳየኋት፤ አንብባ ልክ ነዎት አለችኝ። ነገር ግን በተፈጸመ ውሳኔ ላይ ማስተካከያ የሚደረገው አመልካቿ በአካል ቀርባ፣ የኩሽናው እንዳይነካ ማለቷን አረጋግጣ ስትፈርም ብቻ መሆኑን ገለጸችልኝ። አመልካቿ ማረፏን ነገርኳት። እንግዲያው ውክልና ያምጡ አለችኝ። ውክልናውም አመልካቿ ባለችበት መፈረም አለበት።

ባለቤቴ ያለችበትን አድራሻ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ። ከሕንጻችን ሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው፤ ከበሩ ገብቶ በስተቀኝ አምስተኛው ረድፍ ላይ፣ በራፏ ላይ ትንሽ ጽድ አለ። የእርስዎ ክፍል ሠራተኞች በሥራ ቀን ቢሄዱ ይሻላል፤ ቦታው ደረጃውን የጠበቀ ጸጥታ ያለበት በመሆኑ ለልምድ ልውውጥም ይጠቅማችኋል። እዚያ እስካሁን ስለ ድምፅ ያመለከተ ሰው የለም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ያህል ነው። የመኝታ ቤቱ አዲስ ማብሪያ ማጥፊያ ይቆይ። የባለቤቴ ጥያቄ ነውና ዘግይቶም ቢሆን ይከበርላት፤ እኔም ማለዳ ማለዳ በቀስታ መጫን ጀምሬያለሁ፣ ምንም እንኳ አሁን ለውጥ ባያመጣ። የኮሪደሩና የሳሎኑም እንደ ፈቃዳችሁ ይሁን። የኩሽናው ብቻ፣ ያ ጠብታ ቀለም ያለበት፣ ከወሩ መጨረሻ በፊት ይመለስልኝ። ሠራተኛ እንድትልኩ አላስቸግርም፤ ካቻቢቴ አለኝ፣ መካኒክ ነኝ። ከተቻለ ግድግዳው ላይ ገጥሜ ድምፁ እንደ ቀድሞው መሆን አለመሆኑን ቁጭ ብዬ ላዳምጠው እፈልጋለሁ። ዕቃው ከተፈጨ በኋላ ውሳኔ ብትሰጡኝ ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ለዚህ ሁሉ ድካማችሁ፣ ለሰባቱ ዓመታት፣ ለጠረጋችሁት ኖራና ገልብጣችሁ ላላያችሁት ገጽ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ዘመንዎ የረዘመ፣ ቤትዎም እርስዎን ጮክ ብሎ የሚጠራ ሰው የማይታጣበት እንዲሆን ተመኝቼ እሰናበታለሁ።

የሦስተኛው ፎቅ ጡረተኛ መካኒክ፣
በመዝገባችሁ መሠረት የጫጫታው ምንጭ

ግልባጭ፡-
– ለመዝገብ ቤት (በሁለቱም ገጽ እንዲነበብ)
– ለግምጃ ቤት ጠባቂዋ፣ ከምስጋና ጋር

ማስታወሻ፡- ሠራተኞቻችሁ የተዉልኝን የአስተያየት መስጫ ቅጽ ሞልቼ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። በቤትዎ ያለው ድምፅ ቀንሷል ወይ ለሚለው፣ አዎ፣ ሙሉ በሙሉ የሚለው ላይ ምልክት አድርጌያለሁ። በአገልግሎቱ ረክተዋል ወይ ለሚለው፣ ከላይ ያለውን ደብዳቤ ይመልከቱ ብያለሁ። የመጨረሻው፣ የቤቱ ሌሎች ነዋሪዎች አስተያየት የሚለው ሣጥን ባዶ ነው። እባካችሁ ቅጹ አልተሟላም ብላችሁ እንዳትመልሱብኝ፤ ተሟልቷል።